ስድስተኛው ወንበር

መርዶ ሊነግሩ የሄዱት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሲደርሱ መርዶው የሚነገራቸው ሽማግሌ ሞተው ጠበቋቸው።

ሜልበርን በሐምሌ ለመርዶ አትመችም። ወጉ ሲነጋ ይላል፤ እዚህ ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማዩ ገና ጥቁር ነው፣ ብርዱንም ካፖርት አያግደውም። ጋሼ ካሣዬ ወግ አይሸራረፍም ብለው እሁድ ማለዳ ሁሉንም አስኮት ቬል፣ የመንግሥት ቤቶቹ ግቢ ውስጥ፣ ከጋሼ ገብረመድኅን በር ላይ አቆሟቸው። እሳቸውና ጋሼ ገብረመድኅን ከሱዳን ስደት ጀምሮ አርባ ዓመት አልተለያዩም። ከጋሼ ካሣዬ ኋላ ባለቤታቸው እትዬ ታየችና የጋሼ ገብረመድኅን የንስሐ አባት አባ ተክለሃይማኖት አሉ። የጋሼ ገብረመድኅን ልጆች ቶማስና ትሕትና ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አይነጋገሩም። ስድስተኛው ገለታ ነበር። እሱን እዚያ ያስመጣው መኪና ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

የሚነገረው ይህ ነበር፤ ጎንደር የሚኖረው የጋሼ ገብረመድኅን ታናሽ ወንድም አዛርያስ ረቡዕ ዕለት አርፏል። የጋሼ ገብረመድኅን ልብ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ የተሰፋ ነው። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ አፉን ዘግቶ ቆየ። እሁድ ማለዳ ነርሷ ልጃቸው መድኃኒት ይዛ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ወዳጅ በግራና በቀኝ ደግፏቸው ሊነገራቸው ተወሰነ።

ትሕትና በቁልፏ ከፈተች። ኮሪደሩ ጨለማ ነው። «አባዬ» ብላ ተጣራች፤ መልስ የለም። ኩሽናው መደርደሪያ ላይ ለተቀመጠችው፣ በቃል ለምትታዘዘው ነጭ ድምፅ ማጉያ መብራት አብሪ ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸችባት። የኮሪደሩ መብራት ቦግ አለ።

የሳሎኑ በር ተከፍቶ ነበር። ጋሼ ገብረመድኅን ወደ በሩ ዞረው የወትሮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ትሕትና ሮጣ እጃቸውን ያዘች፣ እጃቸው ቀዝቅዟል። ሁሉም ሽማግሌውን ሲያይ ቶማስ ቀና ብሎ የኮሪደሩን አምፖል አየ። ገለታ ይህን አስተዋለና፣ ሰው ሲደነግጥ ዓይኑን የሚጥልበትን አያውቅም ብሎ ተወው።

ከዚያ ወንበሮቹን ቆጠረ፤ የቆየ ልማድ ነው። ጠረጴዛው ወደ ጥግ ተገፍቶ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አራቱ የምግብ ጠረጴዛው ናቸው፤ አምስተኛው ከመኝታ ቤት የመጣ ነው። ስድስተኛው እግሮቹ ላይ ጎማ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፤ አቅመ ደካማ ተቀምጦ ገላውን የሚታጠብበት። የሚቀመጥበት እንግዳ እንዳያፍር ጋቢ ታጥፎ ተነጥፎበታል።

ሐኪሙ ልብ ነው፣ ሌሊቱን ነው አለ። ፖሊሶቹም ዞር ዞር ብለው የሚያጠራጥር ነገር አላገኙም፤ በእነሱ ዓይን ወንበር መደርደርና ነጠላ መገልበጥ ምንም አይደለም። ለስድስቱ ግን ነገሩ ያፈጠጠ ነበር። ሽማግሌው ሰምተዋል። ብቻቸውን ሰምተው፣ ሐዘን ለብሰው፣ ለሚያጽናኗቸው ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ያ የተሰፋ ልብ አልቻለም። ማን ነገራቸው?

ቶማስ መልስ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። «ኑኃሚን ናት» አለ። ኑኃሚን በየቀኑ እየመጣች ጋሼ ገብረመድኅንን የምታጥብ፣ መድኃኒታቸውን የምትሰጥ ተንከባካቢያቸው ናት። ኬንያ ካምፕ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ አማርኛን ከጎረቤት የለቀመች ልጅ ነች። ሐሙስ ዕለት ሞቱን እንድትደብቅ ሲነግሯት፣ ሰው የወንድሙን ሞት የማወቅ መብት አለው ብላ ተከራክራ ነበር። ያዘነ ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ብዙ አያማርጥም፤ ይኸው በቂ ሆነ። እሁድ ከሰዓት ትሕትና ለኑኃሚን ኤጀንሲ የክስ ደብዳቤ ጻፈች።

ገለታ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር። ዛሬ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ማሪቢርኖንግ ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ጥበቃ ነው። ፍሌሚንግተን ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሥራው በቀን ስምንት ሰዓት መቆም ነው፤ ጥበቃ አይቀመጥም፣ ሲቀመጥ የተኛ ይመስላል ይላሉ አለቆቹ። ሰኞ እኩለ ቀን ኑኃሚን ስትመጣበት ጫማ መደብር ፊት ቆሞ አንዱን እግሩን በሌላው እያሳረፈ ነበር። የቀድሞ ሥራውን እትዬ ታየች ነግረዋት ኖሯል። ገለታ በልቡ እትዬ ታየችን አማረራቸው።

«ከሥራ ሳስፔንድ አደረጉኝ ጋሼ» አለች። «ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ሂሪንግ አለኝ፣ ጉዳዬን ያያሉ። እነሱን ካመኑ ክሊራንሴን፣ የሥራ ፈቃዴን፣ ይወስዱታል። ከዚያ በኋላ የትም ቦታ ሽማግሌ ቤት ገብቼ መሥራት አልችልም። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። ይነገራቸው ብዬ ተናግሬያለሁ፣ እሱን አልክድም።»

ገለታ ለአሥራ አንድ ዓመት ያላነሳውን ጥያቄ አነሳ፤ ቅዳሜ ዕለት ከገባሽበት እስከወጣሽበት ያደረግሽውን ሁሉ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ አላት። ኑኃሚን ተረከችለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገላቸውን አጠበቻቸው። የሚቀመጡበትን የፕላስቲክ ወንበር እርጥቡን እዚያው ሻወር ውስጥ ተወችው። ከዚያ ጢማቸውን ላጨቻቸው። ስትወጣ ኮሪደሩ ጨልሞ ነበርና ነጯን ድምፅ ማጉያ አብሪ አለቻት፤ ነጯ እንደ ሁልጊዜው እንዲህ ያለ መብራት አላውቅም ስላለቻት ግድግዳው ላይ በእጇ አበራችው። አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ በሩን ዘግታ ሄደች።

«ቅዳሜ ለምን ተላጩ?»

ኑኃሚን ወለሉን አየች። «ሁልጊዜ ቅዳሜ ይላጫሉ። አዛርያስ በትሕትና ስልክ ድምፁን ይልክላቸዋል፣ ነጯ ታሰማቸዋለች። ሲመሽ አጠገቧ ይቀመጡና ኤኒ መሴጅ፣ መልእክት አለ ወይ፣ ይሏታል። ከእንግሊዝኛ የሚወዷት ቃል እሷ ነች። ወንድሜ ጢሜን አያየውም ግን ያውቃል ይሉኛል። ቅዳሜም ላጭተሽኝ ሂጂ አሉኝ። እያወቅኩ ላጨኋቸው።»

«እሁድ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«ልጆቹና ጋሼ ካሣዬ እንደሚመጡ ነው የማውቀው። ቁጥር የነገረኝ የለም።»

ገለታ ሌላ አልጠየቃትም። ሺፍቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊተኛ አስቦ ነበር፤ ትራሙ ፍሌሚንግተን ሳይደርስ ግን አስኮት ቬል ላይ ወረደ።

ለቅሶ የተቀመጡት በዚያው ግቢ፣ ጋሼ ካሣዬ ቤት ነው። የጋሼ ገብረመድኅን ቤት እንደተዘጋ ነበር። ገለታ ትሕትናን ለብቻዋ ጠርቶ እንድትከፍትለት ለመናት። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ደፍሮ ያነሳቸው የለም።

የወንድምና የእህትን ኩርፊያ ከእሷ ሰማ። በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት መንግሥት ነበር። ትሕትና ያስገባችው ነጯን ነው፤ ትናገራለች፣ ትሰማለች፣ ነርሷ ሥራ ላይ ሆና በስልኳ አባቷን ታነጋግርባታለች። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዱዳ ትሆናለች፣ የሰማችውንም ሁሉ ሩቅ ላለ ኩባንያ ትልካለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቶማስ ይህን አልወደደም። እሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ጥቁር ሣጥን አስቀመጠ፤ ጥቁሩ አይናገርም፣ ምንም ነገር ከቤት አያስወጣም። የኮሪደሩን መብራት፣ ማሞቂያውንና በር በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግበውን መቁጠሪያ የሚያዘው ጥቁሩ ነው። የሳሎኑና የኩሽናው መብራት የነጯ ሆነ። አራት ወር ሙሉ አንዱ ይውጣ ተባባሉ። አባትየው በሁለቱ መካከል ተቀምጠው፣ ሁለት ልጅ ወልጄ አራት ሆኑብኝ ይሉ ነበር።

ትሕትና ነጯ አልነገረቻቸውም አለች፤ ይህን ቀድማ አስባበታለች። አዛርያስ የሞተ ዕለት መልእክት ማሰማቷን በእጇ ዘግታዋለች። ስልኳን አሳየችው፤ እውነትም ተዘግቷል።

«ደግሞ አማርኛ አታውቅም» አለች። «ፊደል ስታይ ዝም ነው የምትለው።»

«የአዛርያስን መልእክትስ?»

«እሱ ቮይስ ነው። ድምፅ ከሆነ ታጫውተዋለች፣ መረዳት አይጠበቅባትም።»

«በማን ስም ነው የተከፈተችው?»

«በኔ። አባዬ ኢሜይል የለውም፤ ሁሉን ነገር በኔ ነው የምከፍትለት።»

ገለታ፣ ቅዳሜ ማታ መኪና ከለመኑት በኋላ ጋሼ ካሣዬ ለቤተሰቡ የላኩትን ድምፅ መቼ እንደሰማችው ጠየቃት። ማታ ሦስት ሰዓት፣ ከሺፍት ስትወጣ ነበር።

«ስከፍተው ግን የተሰማ ነው ይላል። ኪሴ ውስጥ ተነክቶ መስሎኝ ነበር» አለች።

ሊወጡ ሲሉ የኮሪደሩን መብራት በነጯ እንድታበራለት ጠየቃት። ትሕትና የቶማስ እንደሆነና እንደማይታዘዝላት ነገረችው፤ ቢሆንም አዘዘችው። ነጯ እንዲህ ያለ መብራት አላውቅም አለች። ኮሪደሩ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ትሕትና ትከሻዋን ነቅንቃ በእጇ አበራችው፤ እሁድ ማለዳ መብራቱ እንደታዘዘላት ድንጋጤው ከአእምሮዋ አውጥቶታል። ገለታ ግን አልረሳም።

ቶማስን ደረጃው ላይ ብቻውን አገኘው፤ ሲጋራ ይዟል ግን አላቀጣጠለም። ሳይጠየቅ የጥቁሩን መዝገብ ከስልኩ አሳየው። በሩ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ከተዘጋ በኋላ እሁድ ንጋት እነሱ እስኪገቡ ድረስ አልተከፈተም። የሽማግሌው አሮጌ ስልክም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የደወለበት የለም። ስለዚህ ማን ሊነግረው ይችላል፣ የመጨረሻዋ ሰው እሷ ናት አለ። ድምፁ የደከመ ነበር፤ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ለራሱ የደጋገመው ይመስላል።

«ቅዳሜ ሲስተሙን ነካክተህ ነበር?» አለው ገለታ።

«ከሐሙስ ወዲህ አልነካሁትም።»

በመጨረሻ ወደ ጋሼ ካሣዬ ገባ። ሽማግሌው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። በስልክ መጻፍ አይችሉም፣ ጣታቸው ለፊደሉ ሰፊ ነው፤ መልእክታቸው ሁሉ በድምፅ ነው። ቅዳሜ ማታ የላኩትን ያሰሙኝ ሲላቸው ስልኩን ሰጡት። ገለታ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። «መኪናዬ እምቢ ብሎኛል፤ ገለታ አባን ይዞ ይመጣል፣ ስድስት ሆንን። አዛርያስ ከተቀበረ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ነገ ሲነጋ ገብሬ ከእኛ አፍ ይስማው። አደራ፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።» ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ይላል።

ገለታ ስልኩን መለሰላቸው። ነገሩ ሁሉ ገብቶታል። ደስ አላለውም፤ በድሮ ዘመንም ቢሆን እንቆቅልሽ ሲፈታለት ደስ ብሎት አያውቅም። እንዲያውም ሊተወው ፈለገ። ሽማግሌው ተቀብረው፣ ለቅሶው አልቆ፣ ሁሉም በየቤቱ ቢገባ ምን ቸገረው? ግን ያቺ ልጅ እያወቀች ጢም ላጭታ የሄደች ናት፤ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ የሚፈርዱባት የማያውቋት ሰዎች ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ላይ ያለው ሰው የሚወዱት ሲሆን ግን መቆፈሩ ያደክማል።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ማታ ለሁሉም አንድ መልእክት ላከ፤ ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጋሼ ገብረመድኅን ቤት እንገናኝ።

ሁሉም መጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም ውጭው አልጠራም፤ ዝናብ ያካፋ ነበር። ገለታ አባ ተክለሃይማኖትን ከጋሼ ካሣዬ በስተቀኝ፣ እትዬ ታየችን በስተግራ አስቀመጣቸው። ለምን እንደሆነ የገባው የለም። ቶማስና ትሕትና ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሟቹ ወንበር ባዶ ነው፤ ጋቢ የተነጠፈበት የፕላስቲክ ወንበርም ባዶ ነው። ኑኃሚን ኩሽናው በር ላይ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጭ ያላት የለም። ገለታም ቆመ።

«ጋሼ ገብረመድኅን ስድስት ወንበር ነው ያወጡት» ብሎ ጀመረ። «እስከ ቅዳሜ ማታ ግን እኛ አምስት ነበርን። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ እኔ የተጨመርኩት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኑኃሚን ከወጣች ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፏል። እሷ ስትሄድ ይህ የፕላስቲክ ወንበር እርጥብ ሆኖ ሻወር ውስጥ ነበር። ልትነግራቸው ብትፈልግ እንኳ ስድስት ብላ ልትነግራቸው አትችልም፤ ስድስት የሚባል ገና አልነበረም።»

ትሕትና ወደ ኩሽናው በር ቀና ብላ አየች። ገለታ ቀጠለ። በሩ አልተከፈተም፣ ስልክም አልተደወለም። ስለዚህ የነገራቸው ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ የነበረ ነው። ነጯ ነች እንዳይባል ትሕትና ዘግታታለች፤ እውነቷን ነው። ጥቁሩ ነው እንዳይባል አይናገርም። ሁለቱም ለየብቻቸው ንጹሐን ናቸው።

«አሁን የኮሪደሩን መብራት አስቡ» አለ። «የቶማስ ነው፤ ለነጯ አይታዘዝም። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ኑኃሚን በነጯ አዘዘችው፣ አልበራም። እሁድ ንጋት ትሕትና በነጯ አዘዘችው፣ በራ። ሰኞ ማታ እኔ ባለሁበት አዘዘችው፣ አልበራም። ስለዚህ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከሩቅ በስልኩ ሁለቱን አጋጥሟቸዋል፤ እሁድ ደግሞ መልሶ ለያይቷቸዋል። ሲጋጠሙ ነጯ ቤቱን እንደ አዲስ ቤት ትቆጥረዋለች። ትናንት የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ አዲስ ቤት ላይ መልእክት ማሰማት ከመጀመሪያው ክፍት ነው። ትሕትና የዘጋችው የአሮጌውን ነበር። ጥቁሩን የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነው። እሁድ ማለዳ ሁላችንም ሬሳውን ስናይ አምፖሉን ያየው እሱ ነው። ያን መብራት ማን እንዳበራው የገባው እሱ ብቻ ነበር።»

ቶማስ በእንግሊዝኛ ጀመረና ተወው። በአማርኛ ሲመለስ ቃሉ የልጅ ቃል ነበር።

«ለዕርቅ ብዬ ነው» አለ። «ከመርዶው በኋላ ቤቱ ሰው ይሞላል፣ መብራትና ማሞቂያ ላይ ስንጨቃጨቅ ሰው ይታዘበናል ብዬ። ሁሉም በእሷ ስልክ እንዲታዘዝ አድርጌ እሁድ ልነግራት ነበር። ይሄ እንደሚከፈት አላሰብኩም። በፍጹም አላሰብኩም።»

ትሕትና አራት ወር ሙሉ የጠበቀችውን ሽንፈቱን በዚህ መልክ ስታገኘው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ስህተቱን አልቆጥርብህም» አለው ገለታ። «የአዋቂ አጥፊ ሆነሃል፣ በማንም ይደርሳል። መብራቱን ካየህ በኋላ ያደረግኸውን ግን እቆጥርብሃለሁ። ለያይተህ ደበቅህ፤ ከዚያ ስሟን ጠራህ።»

«መጀመሪያ ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ መመለስ አቃተኝ።»

 ጋሼ ካሣዬ እስካሁን መሬት መሬት እያዩ ሲያዳምጡ ነበር። ቀና አሉ።

«ገለታ፣ ያቺ ዕቃ አማርኛ አታውቅም አላላችሁም?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ በማን አፍ ነገረችው?»

አባ ተክለሃይማኖት ያኔ ለምን በቀኝ እንደተቀመጡ ገባቸውና የሽማግሌውን ክንድ ያዙ። እትዬ ታየች በግራ ያዟቸው። ገለታ ፊታቸው በርከክ አለ።

«ቅዳሜ ሲመሽ ጋሼ ገብረመድኅን እንደ ልማዳቸው ተላጭተው ተቀመጡ። ኤኒ መሴጅ አሏት። የጠበቁት የወንድማቸውን ድምፅ ነበር። የመጣላቸው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ካሣዬ ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርተውታል። ሁለቱ ክንዳቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ከባዳ አልሰሙም» አለ ገለታ። «እርስዎ ከእኛ አፍ ይስማው ብለው ነበር፤ ከእርስዎ አፍ ነው የሰሙት። ትንፍሽ እንዳትሉም ብለው ነበር፤ እሳቸውም ማንም ጋ አልደወሉም፣ ወጉን አከበሩልን። ስድስት እንመጣለን ብለዋል፤ አምነውዎት ስድስት ወንበር አወጡ።»

«ደጋፊ አልነበረውም» አሉ ጋሼ ካሣዬ። «እኔን እንዲህ ይዛችሁኛል። ገብሬን የያዘው የለም።»

 ሽማግሌው አለቀሱ፤ ሁሉም ተከትሎ አለቀሰ። የአዛርያስም የገብረመድኅንም ለቅሶ በዚያ ቤት በዚያች ሰዓት በወጉ ተለቀሰ።

ኤጀንሲው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጠበቁ። ሲከፈት ቶማስ ራሱ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በእንግሊዝኛ፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ኑኃሚን ምንም እንዳላጠፋች፣ የዋሸው እሱ እንደሆነ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳያሳጥር ደገመው። ትሕትና የጻፈችውን ደብዳቤ እንደምትስብ አከለች። ሴትዮዋ የዛሬው ስብሰባ መሰረዙን፣ ኑኃሚን ከሰኞ ጀምሮ ሥራ መግባት እንደምትችል ተናገረች።

ኑኃሚን አላለቀሰችም። ብዙ ጊዜ የቆመች ሰው እንደመሆኗ በሩን ተደግፋ ተነፈሰች። ትሕትና ተነስታ የራሷን ወንበር ወደ እሷ ገፋችላት። ይቅርታ ለማለት ቃል ፈልጋ አጣች፤ ኑኃሚንም ሳትጠብቅ ተቀመጠች።

ከዚያ ትሕትና ኩሽና ገብታ ነጯን ከሶኬቱ ነቀለቻት። ቶማስ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ጥቁሩን አወጣ። የትኛው ይቅር ብሎ የጠየቀ የለም። ኮሪደሩ ጨለመ፣ እትዬ ታየችም ግድግዳውን ዳብሰው በእጃቸው አበሩት።

ገለታ ሺፍቱ አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። እስከዚያ እግሩ አልችል አለው። ወደ ፕላስቲኩ ወንበር ሄደ፤ ጋቢው አልተነካም፣ እጥፉም እንዳለ ነው። ጋሼ ገብረመድኅንን በሕይወት ሳሉ ሁለት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላም ከማለት በቀር አያውቃቸውም።

«ጋሼ፣ እሱ የሻወር ነው፤ ይሄኛው ላይ ይቀመጡ» አለች ኑኃሚን፣ ልትነሳለት እየሞከረች።

«ተቀመጭ» አላት። «ለእኔ የተነጠፈልኝ ይሄ ነው።»

ተቀመጠም።